ባሮጌ አልበም ውስጥ ስለ ተገኘ ቴምብር

ካያት ከቅድመ አያት ሲወርድ በመጣ ሣጥን ውስጥ አሮጌ የቴምብር አልበም በተገኘ ጊዜ፥ የቤቱ ልጆች ቴምብሩን በሞቀ ውሃ ነክረው ከፖስታው ለማላቀቅ ይጣደፋሉ። ይህን ከማድረጋቸው በፊት አባትና እናት ሊከለክሏቸው ይገባል። ምክንያቱን ለመረዳት ያገራችንን ቴምብር ታሪክ ጥቂት ማወቅ ያሻል።

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በፓሪስ ከተማ ታትመው በ1887 ዓ.ም. ወጡ። የቀረጻቸውም ኤውጄን ሙሾን የሚባለው የታወቀ ፈረንሳዊ ነው። ቁጥራቸው 7 ሲሆን፥ የሩብ ግርሹ አረንጓዴ፥ የግማሹ ቀይ፥ የ1 ግርሹ ሰማያዊ፥ የ2 ግርሹ ቡናማ ነው፤ በነዚህ በ4ቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ይታያል። በ4፥ በ8ና በ16 ግርሹ ላይ ግን አንበሳው አለ። እነዚህ 7ቱ ንጹሕ ሆነው ቢገኙ ባለቤቱ ባለጸጋ ሆንሁ ብሎ ባይቸኩል ይሻላል፤ ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይላክባቸው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋልና ዛሬም አይታጡም።

ይልቅስ በቴምብሩ ላይ ኋላ የተመታ ቃል እንዳለ አጥብቆ መመልከት ነው። በ1893 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የሚል በፈረንሳይኛ ፊደል፥ በ1894 ዓ.ም. «ቦስታ»፥ በ1899 ዓ.ም. ደግሞ «ዳግማዊ» የሚል ቃል በላዩ ተመትቶበታል። ይህ ቃል በእጅ ማኅተም የተመታ ስለ ሆነ ቀለሙ አንዳንድ ጊዜ ሐምራዊ ነው፤ ሐምራዊ ቀለም ደግሞ ውሃ ሲነካው ይደማል። አታላዮችም ይህንኑ ቃል በሐሰት እየመቱ ብዙ ሰው አሞኝተዋልና፥ ከመግዛትም ከመሸጥም በፊት ለዐዋቂ ማሳየት ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቴምብሩ ከነፖስታው ሲገኝ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ፖስታ ማኅበር የገባችው በጥቅምት ወር 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ ለሚላክ ደብዳቤ ያገራችን ቴምብር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ፈረንሳውያን በያዙት ባሕር ጠረፍ፥ በጅቡቲ በኩል፥ የነርሱ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። እንግዲህ ባንድ ፖስታ ላይ የምኒልክ መልክና የጅቡቲ ቴምብር ጐን ለጐን ቢገኙ፥ ያ ወረቀት ደብዳቤው ከሐረር ወይም ካዲስ አበባ ተነሥቶ ያለፈበትን መንገድ ሁሉ የሚመሰክር ነው። ልጁ በውሃ ካላቀቀው በኋላ የሚቀረው ሁለት ቁራጭ ወረቀት ነው፤ የላኪውም የተቀባዩም ስም፥ የማኅተሙም ቀን አብሮ ይጠፋል። ቀኑን ሲያነቡ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንና አለመሆኑን አስቀድሞ መለየት ነው፤ አለዚያ 7 ወይም 8 ዓመት ያሳስታል።

በ1911 ዓ.ም. የወጡት የዱር አራዊት ሥዕል ያለባቸው ቴምብሮች ለዓይን እጅግ ያምራሉ፤ ቀጭኔው፥ ነብሩ፥ አውራሪሱ ልጆችን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኋላ ዳግመኛ ታትመዋል። ለመለየት ጀርባውን መገልበጥ ነው፦ የቀድሞው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን፥ የኋለኛው ወደ ቡናማ ያደላና የተሰነጣጠቀ ነው።

አልበሙን ያገኘ ሰው እንግዲህ ፖስታዎቹን እንዳሉ ደረቅ ቦታ ያኑራቸው። በቤቱም ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጦ፥ ይህ የማን እጅ ጽሕፈት ነው? ወደ ማንስ ተላከ? ብሎ ይጠይቅ፤ የነገሩትንም በሌላ ወረቀት ጽፎ ከፖስታው ጋር ያስቀምጠው፤ በፖስታው ላይ ግን እርሳስም ቢሆን አያሳርፍ።