ፔንሳውን ለሠልጣኙ

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሠልጣኝ ነኝ። ከኢንዱስትሪ ወደ ማሠልጠን የመጡ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ፦ «ሥራውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ታዲያ ሳስረዳቸው ለምን አይገባቸውም?» አንዱ ምክንያት ጠንቅቀው ማወቃቸው ነው። የለመደ እጅ ከአፍ ይቀድማል። ልምድ ያለው ባለሙያ ሽቦ ሲልጥ መዳቡን ላለመጉዳት ስለቱን አጋድሞ ይይዛል፤ የሽቦውን ጫፍ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ያጠቀልለዋል፤ ካጠበቀው በኋላ ሳብ አድርጎ ይሞክረዋል። ይህን ሁሉ ሳያስበው ስለሚያደርገው አይናገረውም። ሠልጣኙ የሚያየው አንድ ፈጣን የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ለዚህ የተገኘው መላ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቻርልስ አለን የተባለ አሜሪካዊ የሙያ ትምህርት ባለሙያ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት መርከብ የሚሠሩ ሰዎችን በፍጥነት ማሠልጠን ግድ በሆነበት ጊዜ ያራመደውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1919 በመጽሐፍ አሳተመው። ዘዴው አራት እርምጃ አለው፦ ሠልጣኙን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ እሱን ማሠራት፣ መፈተሽ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህንኑ መሠረት አድርገው አዳዲስ ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። የእኛ ወርክሾፖች ችግር ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው። አሳይተን እንጨርስና ወደ ፈተናው እንዘላለን።

እኔ አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ አሳያለሁ። መጀመሪያ በተለመደው ፍጥነት፣ ያለ ምንም ንግግር። ቀጥሎ በዝግታ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከነምክንያቱ እየተናገርኩ። ሦስተኛው ላይ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ የእኔ እጅ እነሱ ያዘዙትን ብቻ ይሠራል። አንድ እርምጃ ከዘለሉ እጄ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ፔንሳው ወደ ሠልጣኙ ያልፋል፣ እስኪጨርስም ድረስ ወደ እኔ አይመለስም። ሠልጣኙ ሲንገታገት እያዩ «እስቲ አምጣ» አለማለት የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። ለጀማሪ ከምንሰጣቸው ልምምዶች አንዱ አምፖልን በማብሪያ ማጥፊያ ማገናኘት ነው። በማብሪያው በኩል ማለፍ ያለበት ፌዙ ነው። ጀማሪው ግን በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን ያሳልፍበታል፤ አምፖሉም ያለ እንከን ይበራል፣ ይጠፋል። «ቲቸር፣ በራ!» ይላል በደስታ። መብራቱን ብቻ የሚያይ አሠልጣኝ ነጥቡን ሰጥቶ ያልፋል። ነገር ግን እንዲህ በተዘረጋ ቤት ማብሪያው ጠፍቶም 220 ቮልት ሆልደሩ ላይ ይጠብቃል፤ አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ የወጣችን እናት ሊገድል ይችላል። እኔ «ተሳስተሃል» አልለውም። አጠገቡ ቆሜ ቴስተሩን እሰጠውና «አጥፋው፣ አምፖሉን ንቀለው፣ አሁን ሆልደሩን ፈትሽ» እለዋለሁ። የቴስተሩ መብራት ቦግ ይላል። ከዚያ ዝም እላለሁ። ከብሬከሩ ጀምሮ መስመሩን በዓይኑ እየተከተለ የት እንደተሳሳተ ራሱ ያገኘዋል። ፌዝና ኒውትራል በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ቢጻፍለት እንዲህ አይገባውም።

ስለዚህ ብልሽትን ሆን ብዬ እሠራለሁ። ሠልጣኞቹ ከመግባታቸው በፊት የአንዱን ቦርድ ብሎን አላላለሁ፣ የሌላውን ሽቦ ቱቦ ውስጥ እበጥሳለሁ። ምንም ነገር ከመንካታቸው በፊት ግምታቸውን ከነምክንያቱ ይጽፋሉ። ግምት የሌለው ሰው ያገኘውን ሁሉ ይፈታታል፤ ደንበኛ ቤት ገብቶ እንዲያ ቢያደርግ ማን መልሶ ይጠራዋል?

የዕቃ እጥረት የታወቀ ነው። አንድ ቦርድ ለብዙ ሠልጣኝ ሲሆን ፈጣኑ ይሠራል፣ ሌሎቹ ከበው ያያሉ። ሴት ሠልጣኞች ደግሞ ሪፖርት ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ፤ ይህ በጣም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሦስት ሦስት አድርጌ እመድባቸዋለሁ፦ አንዱ ይሠራል፣ ሁለተኛው ሥዕሉን ያነብለታል፣ ሦስተኛው ይቆጣጠራል፤ አደጋ ካየም ያስቆማል። በየልምምዱ ይቀያየራሉ፣ ፔንሳ ሳይይዝ የሚወጣ የለም።

ሠልጣኞች በሥራ ቦታ በሚለማመዱበት የትብብር ሥልጠና ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሳይት የተላከ ሠልጣኝ ሲሚንቶ ሲሸከም ሊከርም ይችላል። ከመላካቸው በፊት ከፎርማኑ ጋር ተቀምጦ የሚሠሯቸውን ሥራዎች በዝርዝር መስማማት፣ ከዚያም ሄዶ ማየት የአሠልጣኙ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ሳይት የሚሄድ አሠልጣኝ ገበያው ላይ የመጣውን አዲስ ዕቃም አብሮ ይማራል።

የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ሲቃረብ ደግሞ ይመጣል የተባለውን ፕሮጀክት ብቻ የማስደጋገም ዝንባሌ አለ። በዚያ መንገድ ያለፈ ልጅ ግድግዳው ሲቀየርበት ይጠፋዋል። እኔ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሥዕሉ ላይ የማብሪያውን ቦታ በሩ ሲከፈት የሚሸፍነው ጎን ላይ አደርገዋለሁ። ብዙዎቹ ሥዕሉን አምነው ግድግዳውን መብሳት ይጀምራሉ። ከመብሳቱ በፊት «ቲቸር፣ ይሄ በር ወዴት ነው የሚከፈተው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሠልጣኝ ግን ለምዘናውም ለሥራውም ደርሷል ብዬ እመዘግበዋለሁ።