የቢቢሲን ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው?

ለንደን የከረመ ኢትዮጵያዊ ደብዳቤውን ያውቀዋል። የቴሌቪዥን ፈቃድ ወዳልተመዘገበበት ቤት ሲላክ የሰው ስም የለውም፤ «ለሕጋዊው ነዋሪ» ይላል። ዝም ሲባል ተቆጣጣሪ መጥቶ በር ያንኳኳል፤ የፍርድ ቤት ማዘዣ ካልያዘ ግን በግድ ሊገባ አይችልም። የቀጥታ ሥርጭት ወይም የቢቢሲን አይፕሌየር ሳይከፍል ሲያይ የተገኘ ሰው በወንጀል ተከሶ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። በዚህ ጥፋት ከሚፈረድባቸው አሥር ሰዎች ሰባት ያህሉ ሴቶች ናቸው። ቀን ቤት ተገኝተው በር የሚከፍቱት፣ ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉትም በአብዛኛው እነሱ ናቸውና። በችግረኛ እናት ላይ የወንጀል ክስ እየመሠረቱ የሕዝብ ጣቢያ ማስተዳደር አይገባም፤ ክሱ መቅረት አለበት።

ክፍያው ራሱ ይቅር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1922 በ10 ሽልንግ ሲጀመር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1927ም ቢቢሲ በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም፣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጣቢያው የነጋዴም የሚኒስትርም ደጅ እንዳይጠና አድማጩ ራሱ ይክፈለው። በማርጋሬት ታቸር ዘመን የተቋቋመው የፒኮክ ኮሚቴ እንኳ በ1986 ማስታወቂያ ይግባ የሚለውን አልተቀበለም።

የሚያሳስበኝ ከፋዩ ሕዝብ ሆኖ ሳለ ዋጋ ቆራጩ መንግሥት መሆኑ ነው። በኦክቶበር 2010 የዴቪድ ካሜሮን መንግሥትና ቢቢሲ በጥቂት ቀናት የዝግ ድርድር ክፍያው 145.50 ፓውንድ ላይ ለዓመታት እንዲቆም ተስማሙ። በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጀት ይተዳደር የነበረው የዓለም አገልግሎትም ከ2014 ጀምሮ ወጪው በቢቢሲ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። በ2015 ደግሞ መንግሥት ይሸፍነው የነበረው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያን ነጻ ፈቃድ ወደ ጣቢያው ዞረ። ከፋዩን የጠየቀው የለም። ከኦገስት 2020 ወዲህ ነጻ ፈቃድ የሚያገኙት ከእነዚህ አረጋውያን መካከል የጡረታ ድጎማ የሚቀበሉት ብቻ ሲሆኑ፣ የብዙ ሰው ቁጣ የወረደው ወጪውን ከራሱ ባወረደው መንግሥት ላይ ሳይሆን በቢቢሲ ላይ ነበር። ቀጥሎ የኑሮ ውድነቱ በተባባሰበት ወቅት ክፍያው ለሁለት ዓመት 159 ፓውንድ ላይ እንዲቆም ተወሰነ።

የዚህ ውሳኔ ጦስ እኛም ዘንድ ይደርሳል። የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ ክፍሎች በ2017 የተከፈቱት መንግሥት ለዓለም አገልግሎት ማስፋፊያ በፈቀደው 289 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ግን ያው የዓለም አገልግሎት 382 የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታወቀ። በጃንዋሪ 2023 ለ85 ዓመታት ሲሰማ የኖረው የአረብኛ ሬዲዮ ተዘጋ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ቢቢሲም በሜይ ወር ለሱዳን አድማጮች ብሎ የአስቸኳይ ጊዜ የአጭር ሞገድ ሥርጭት ለመክፈት ተገደደ። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ የአረብኛው ሬዲዮ በለቀቀው ሞገድ የሩሲያ መንግሥት ሬዲዮ መግባቱን በወቅቱ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ቲም ዴቪ በ2024 ተናግረዋል። ካርቱም ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ለማወቅ ሬዲዮ ለሚከፍት ሰው፣ ለንደን ላይ በዝግ ስብሰባ የተቆረጠ ዋጋ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጀርመኖች በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ከ2013 ጀምሮ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረ ክፍያው በየቤቱ ነው፤ ስለዚህ ታያለህ አታይም ብሎ በር የሚያንኳኳ አያስፈልግም። መጠኑን ገለልተኛ ኮሚሽን ያጠናል፣ ክልሎች ያጸድቃሉ። በ2020 መጨረሻ ዛክሰን አንሃልት የተባለው ክልል ብቻውን የ86 ሳንቲም ጭማሪ ሲያግድ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2021 ወርኃዊው ክፍያ 18.36 ዩሮ እንዲሆን በየነ። ከ2025 ጀምሮ 18.94 ይሁን የተባለውን ክልሎቹ ሳያጸድቁት በመቅረታቸው ጣቢያዎቹ ዳግም አቤት ብለዋል። ዋስትናው እንከን አልባ አይደለም፤ ግን አቤት የሚባልበት ደጅ አለ። ፈረንሳይ በአንጻሩ በ2022 የ138 ዩሮውን ክፍያ አንሥታ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ድርሻ መስጠት ጀመረች። ለከፋዩ እፎይታ ነው፤ ጣቢያዎቹን ግን የበጀት ሰሞን ጠባቂ አድርጓቸዋል።

ቁጥጥሩም ያው ሕመም አለበት። ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ቢቢሲን ከውጭ ሆኖ የሚቆጣጠረው ኦፍኮም ነው፤ ጣቢያው በራሱ ጉዳይ ዳኛ የሚሆንበት ዘመን ማብቃቱ መልካም ነው። የቦርድ ሰብሳቢውን የሚመርጠው ግን አሁንም መንግሥት ነው። ሪቻርድ ሻርፕ በኤፕሪል 2023 ከሰብሳቢነት ለቀዋል። ለቦታው ባመለከቱበት ወቅት ለጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን እስከ 800,000 ፓውንድ የሚደርስ ብድር ለማመቻቸት በተደረገው ጥረት የነበራቸውን ሚና በሚገባ አላሳወቁም ነበር።

የአሁኑ ቻርተር ዲሴምበር 31፣ 2027 ያበቃል። ክርክሩ በማስታወቂያ፣ በደንበኝነት ወይም በግብር ይሁን በሚለው ላይ ብቻ ከቆመ ዋናው ነገር ይታለፋል። የትኛውም ቢመረጥ መጠኑን የሚያጠና ገለልተኛ ኮሚሽን በሕግ ይቋቋም፤ ሐሳቡን የሚጥል መንግሥት ምክንያቱን በጽሑፍ ለፓርላማ ያቅርብ። የሰብሳቢው ሹመት ከሚኒስትር እጅ ይውጣ። የዓለም አገልግሎት ወጪ ወደ መንግሥት በጀት ይመለስ፤ የበርሚንግሃም ጡረተኛ የጎንደርን አድማጭ ዜና ከኪሱ የሚሸፍንበት ምክንያት የለም። በጀቱ ግን በየዓመቱ ሳይሆን የቻርተሩን ዘመን ሙሉ የሚዘልቅ ሆኖ ይጽና።