የሕፃናትን የራስ ቅማል ያለ ኬሚካል ስለ ማስወገድ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በመጠለያ ጣቢያ ተጠጋግተው ሲያድሩ፣ ውሃና ሳሙናም ሲያጥራቸው፣ ቅማል በቀላሉ ይዛመታል። በ1977 ዓ.ም. በኮረም መጠለያ ከረሀቡ በተጨማሪ ታይፈስና ግርሻ ተነሥተው እንደነበር ይታወሳል። እነዚህን በሽታዎች በዋናነት የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚደበቀው የልብስ ቅማል ሲሆን፣ መከላከያውም ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀል ነው። በሕፃናት ጸጉር የሚኖረው የራስ ቅማል ግን የሚወገደው በሚዶና በትዕግሥት ነው።

የራስ ቅማል አይዘልም፤ አይበርም፤ ራስ ከራስ ሲነካካ ይተላለፋል። እንስቲቱ በቀን እስከ 8 እንቁላል ስትጥል፣ ቅጫሙ ከጸጉሩ ሥር ተጣብቆ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ አበጥሮ መተው ዋጋ የለውም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1. ጸጉሩን ማርጠብ። የረጠበ ቅማል ፈጥኖ መሸሽ አይችልም። ጸጉሩ የሚያስቸግር ከሆነ ጥቂት የምግብ ዘይት ያለሰልሰዋል።

2. ጸጉሩን በትንንሹ እየከፈሉ፣ ጥርሱ በጣም በተቀራረበ ሚዶ ከሥር እስከ ጫፍ ማበጠር፤ ሚዶውንም በየጊዜው በነጭ ጨርቅ መጥረግ።

3. ይህንኑ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን መድገም፤ በ17ኛው ቀን መመርመር። እናትና ወንድም እኅቶችም በዚያው ቀን ይታያሉ።

4. ሲያበቁ ሚዶውን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ።

ጸጉርን መላጨትም ፍቱን ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጆችን መላጨት ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምላጭ ያስፈልጋል።

በልጅ ራስ ላይ ነጭ ጋዝ ወይም የሰብል ፀረ ተባይ መቀባት ፈጽሞ አይገባም። ነጭ ጋዝ ቆዳን ይልጣል፤ እሳት አጠገብም ሕፃኑን ለቃጠሎ ይዳርጋል፤ ፀረ ተባዩም በቆዳ በኩል ገብቶ ይመርዛል።

ቅማል የመጣበብ ውጤት እንጂ የእናት ስንፍና ምልክት ስላልሆነ፣ የጣቢያው ሠራተኞች ምርመራውን ማንንም ሳያሳፍሩ ሊያካሂዱት ይገባል። በልብሱ ቅማል የተገኘበትና ትኩሳት ከራስ ምታት ጋር የያዘው ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።