የባሕር ወፎች በጣና

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው ማሳና ተራራ ነው። መንገዱ የሚያደርሰው ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ሳለ የባሕር ወፎችን ያስተናግዳል። የአውሮፓ ብርድ ሲበረታ ከሰሜን የሚሰደዱ ሲጋሎች ሐይቁ ላይ ወራት ያሳልፋሉ። ኮርሞራንቶችና ፔሊካኖችም አብረዋቸው ያጠምዳሉ።

የባሕር ወፍ ጨዋማ ውኃ እየጠጣ እንዴት ይኖራል? ኩላሊቱ ያን ሁሉ ጨው የማስወገድ አቅም የለውም። ሥራውን የሚሠራው ከዓይኖቹ በላይ ያለ ጥንድ ዕጢ ነው። ዕጢው ጨውን ከደም እየለቀመ ከባሕር ውኃ የበለጠ ጨዋማ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ፈሳሹ በአፍንጫው ቀዳዳ ወጥቶ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ወፉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያራግፈዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያሳየው ክኑት ሽሚት-ኒልሰን ነው፤ ያጠናውም ኮርሞራንትን ነበር። ሲጋል እንደ ጣና ጨው ወደሌለው ውኃ ሲመጣ የዕጢው ሥራም መጠኑም ይቀንሳል፤ ወደ ባሕር ሲመለስ እንደገና ያድጋል።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የቆመ ጠቆር ያለ ወፍ ካያችሁ ኮርሞራንት ሊሆን ይችላል። የላባው ውጫዊ ክፍል ይርሳል፤ ውስጠኛው ውኃ አያስገባም። የራሰው ክፍል አየር ስለማይዝ ወፉ እንደልቡ ጠልቆ ዓሣ ያሳድዳል፤ ደረቁ ክፍል ገላውን ከብርድ ይጠብቃል። አጥምዶ ሲወጣ ግን ክንፉን ፀሐይ ላይ ማስጣት ግድ ይለዋል።

ነጭ ፔሊካኖች አይጠልቁም። ግማሽ ክብ ሠርተው እየቀዘፉ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱና በአንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ውኃው ውስጥ ይነክራሉ። ከምንቃራቸው ሥር ያለው ከረጢት ከ10 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ውኃውን አፍስሰው ዓሣውን ይውጣሉ።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሐይቁ ዳር ጎራ በሉ። ክንፉን የሚያደርቅ ወፍ ስታዩ ጀልባ አታስጠጉበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው ጣና ትልቅ ጠላቱ እምቦጭ ነው፤ አረሙ ውኃውን ሲሸፍን ጠልቆ የሚያጠምድ ወፍ ማጥመጃ ያጣል። ስለዚህ እምቦጭን መንቀል ለዓሣ አጥማጁ ብቻ ሳይሆን ለወፎቹም መድረስ ነው።