ከዓሣ ሆድ የሚወጣ አሸዋ

ግድግዳ የምንቀባው ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። ዛሬ ምድሩ ከዚህ ድንጋይ ዘመድ ስለተሠራ አገር እናጫውታችኋለን።

አገሩ ማልዲቭስ ይባላል። ከሕንድ አገር በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። 1,200 ያህል ትናንሽ ደሴቶች አሉት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው፤ ልክ በጣና ሐይቅ ውስጥ እንዳሉት። ማልዲቭስ ግን ተራራ የለውም፤ ወንዝም የለውም። አብዛኛው መሬት ከባሕሩ ከፍታ የሚበልጠው ከአንድ ሜትር ባነሰ ነው። መሬቱ ነጭ አሸዋ ነው።

ታዲያ አሸዋው ከየት መጣ? በእኛ አገር አሸዋን ከተራራ ጠርጎ የሚያመጣው ወንዝ ነው። እዚያ ግን አሸዋውን የሚሠሩት የባሕር ፍጥረታት ናቸው።

ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት አሉ። ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን እንደሚሠራ ሁሉ፣ እነሱም ከባሕሩ ውሃ ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ቤት ይሠራሉ። ሲሞቱ ቤታቸው ይቀራል። አዲሶቹ በላዩ ላይ ይሠራሉ። በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ክምሩ እንደ ቀለበት የዞረ ትልቅ ግንብ ይሆናል። ግንቡ ማዕበሉን ይሰብራል።

የበቀቀን ዓሣ የሚባል ደግሞ አለ። አፉ እንደ በቀቀን አፍ ጠንካራ ነው። ምግቡን ሲፈልግ ድንጋዩንም አብሮ ይቆረጥማል። በጉሮሮው ባሉት ጥርሶች እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ምግቡ ለሰውነቱ ይቀራል፤ ድንጋዩ አሸዋ ሆኖ ከሆዱ ይወጣል። ማዕበል ያንን አሸዋ እየገፋ ይከምረዋል። ደሴት የሚሆነው እንዲህ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የወጣ ጥናት ቫካሩ የምትባለውን ደሴት መርምሮ ነበር። በዙሪያዋ ከሚፈጠረው አዲስ አሸዋ ከመቶ 85 እጅ በላይ የሚሆነው የዚህ ዓሣ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሥራ ግን አደጋ ላይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 እና በ2016 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቀ። ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞተ። የባሕሩም ከፍታ እየጨመረ ነው። ኮራል ካላደገ ግንቡ ይፈርሳል። ወፍጮው የሚፈጨው ያጣል። ዓሣው ከጠፋ ደግሞ ወፍጮው ራሱ ጠፋ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማዕበሉ የወሰደውን አሸዋ ማን ይተካዋል?

ቀድሞ የማልዲቭስ ሰዎች ኮራሉን እየፈለጡ ቤት ይሠሩበት ነበር። ኋላ ግን መንግሥታቸው በሕግ ገደበው። እኛ አፈራችንን በእርከንና በዛፍ እንጠብቃለን። እዚያ መሬትን መጠበቅ ማለት ኮራሉንና ዓሣውን መጠበቅ ነው።

እስቲ ተወያዩበት፦
1. ኮራል ቢሞት ደሴቱ ለምን ይጎዳል?
2. በአካባቢያችሁ ያለው አሸዋ ከየት ይመጣል?