ስለ ቶሪኖ መግነዝና ስለ ሳቮያ መሳፍንት ቤት

በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ፥ በቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ካቴድራል፥ ርዝመቱ ከ4 ሜትር የሚበልጥ ወርዱም 1 ሜትር ከጥቂት የሚሆን የተልባ እግር ጨርቅ ይገኛል። በላዩም የተገረፈና የተሰቀለ ሰው መልክ በፊትና በጀርባ ደብዝዞ ይታያል። ብዙ ምእመናን ጌታችን የተገነዘበት ነው ብለው ያከብሩታል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከእሳትና ከጦርነት ተርፎ ከዘመናችን የደረሰው በአንድ የመሳፍንት ቤት ጥበቃ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

መግነዙ አስቀድሞ በፈረንሣይ አገር፥ በሊሬ፥ ዠፍሯ ደ ሻርኒ በሚባል ባላባት ቤተ ሰብ እጅ ነበረ። የልጅ ልጁ ማርግሪት ልጅ አልነበራትምና በ1453 ለሳቮያው መስፍን ለሉዊ ሰጠችው፤ እርሱም በምላሹ ርስት ሰጣት። የሊሬ ካህናት ግን ንብረታችን ነው ብለው ከሰሷት፤ በ1457ም ተወገዘች። የመሳፍንቱ ጥበቃ እንግዲህ በክርክር የተጀመረ ነው።

እነርሱም በሻምቤሪ ከተማ በቤተ መንግሥታቸው ጸሎት ቤት በብር ሣጥን አኖሩት። በ1532 አንድ ሌሊት ጸሎት ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ሣጥኑ በብዙ ቁልፍ የተዘጋ ስለ ነበረ ቁልፍ ያዦቹን ለመጠበቅ ጊዜ አልተገኘም፤ ቀጥቃጭ ተጠርቶ ቁልፉን ሰበረ። ነገር ግን የቀለጠው ብር በታጠፈው ጨርቅ ላይ ወድቆ ከእጥፍ ወደ እጥፍ አልፎ አቃጠለው፤ ለማጥፋት የፈሰሰውም ውሃ ምልክቱን ተወበት። በ1534 የቅድስት ክላራ መነኮሳይያት ቀዳዳዎቹን በእራፊ ጣፉ። ቃጠሎው ዛሬም ጨርቁ ሲዘረጋ በሁለት መስመር ትይዩ ሆኖ ይታያል። መምህር ሆይ፥ ወረቀት ደጋግመህ አጥፈህ በመርፌ ብትወጋው፥ ስትዘረጋው ልጆቹ ምክንያቱን ወዲያው ይረዱታል።

በ1578 መስፍኑ ኤማኑኤል ፊሊቤርቶ መግነዙን ወደ ቶሪኖ አመጣው። ምክንያቱም የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዎ ሊሳለመው በእግሩ ስለ ተነሣ መንገዱን ለማሳጠር ነው ተባለ። ይሁን እንጂ መስፍኑ መናገሻውን ቀድሞ ወደ ቶሪኖ አዛውሮ ነበርና፥ ክብሩንም ወደዚያው ማምጣት እንደ ወደደ መገመት አያስቸግርም።

ይህ ቤት በ1861 በኢጣልያ ላይ ነገሠ። አገራችን በጠላት በተያዘች ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለው ቪክቶር ኤማኑኤል 3ኛም ከዚሁ ዘር ነው። በእርሱ ዘመን፥ በ1939፥ ጦርነት ስለ ተፈራ መግነዙ በስውር ወደ ሞንቴ ቬርጂኔ ገዳም ተወስዶ እስከ 1946 ቆየ። የመጨረሻው ንጉሥ ኡምቤርቶ 2ኛ በ1983 በስደት ሲሞት ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ተናዘዘው፤ የቤቱም ባለቤትነት በ530 ዓመቱ አበቃ።

ስለ እውነተኛነቱ ክርክር የተነሣው ገና በጥንት ነው፤ በ1389 የትርዋ ጳጳስ የሠዓሊ እጅ ሥራ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1988 ከጨርቁ ተቆርጦ የተሰጣቸው ሦስት የምርምር ቤቶች ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን አስታወቁ። ውጤቱን የማይቀበሉ ሊቃውንት አሉ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም መግነዙን እያከበረች እውነተኛነቱን በይፋ አልወሰነችም።