የጨርጨር ወደቦች

በውጭ አገር ትንሽ መርከብ ተሳፍሮ በባሕር ጠረፍና በወንዝ ዳር ያሉትን የቆዩ ከተሞች እየዞሩ ማየት የታወቀ ነገር ነው። በራይንና በዳኑብ፣ እንዲሁም በግብፅ ከሉክሶር እስከ አስዋን ባለው የአባይ ክፍል መርከቦች በዚህ ሥራ ይመላለሳሉ። መርከቡ ትንሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁ መርከብ ጥልቅ ውሃና ሰፊ ወደብ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ከከተማው ርቆ ይቆማል፤ ትንሹ ግን ገበያው ሥር ድረስ ገብቶ መንገደኛውን ያወርዳል። ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ ያደጉት በጀልባ ንግድ ስለሆነ፣ በወንዙ በኩል የመጣ ሰው በፊት ለፊት በር ገባ ማለት ነው፤ በመኪና የመጣው ግን በጓሮ በኩል ይገባል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። በምዕራብ ሐረርጌ ባሕር የለም። አዋሽም ቢሆን መርከብ የሚሸከም ወንዝ አይደለም፤ ባሕርም አይደርስም፤ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ነገር ግን መርከብ ለወንዝ ዳር ከተሞች የሠራላቸውን ሥራ፣ ለጨርጨር ከተሞች የሠራላቸው ሌላ ነገር አለ። እርሱም ባቡር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው መንገድ እንዴት ከተማን እንደሚወልድና፣ መንገዱ ፊቱን ሲያዞር ከተማው በምን እንደሚኖር ነው።

ከባቡር በፊት የነበረው መንገድ የደጋው መንገድ ነው። ከሐረር ወደ ሸዋ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ በጨርጨር ተራሮች በኩል ያልፍ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለበቅሎና ለሰው ውሃና ሣር፣ ለማደሪያም መንደር የሚገኘው በደጋው ነው። ነጋዴ የሄደበትን መንገድ ጦር ደግሞ መከተሉ አይቀርም። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊትና የሐረሩ አሚር የአብዱላሂ ሠራዊት የተዋጉበትና ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ጨለንቆ የሚገኘው በዚሁ በደጋው መንገድ ላይ ነው።

በ1886 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዩ ሌዎን ሸፍኔ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። በውሉ መሠረት ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ሐረር 1850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐዲዱን በዚያ ገደል ማውጣት ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በቆመበት ቦታም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚህ በኋላ ኩባንያው በመክሰሩና ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣልያ በመፎካከራቸው ሥራው ለዓመታት ተስተጓጎለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሐዲዱ ቆላውን ሲመርጥ የሐረርጌ መንገድ ለሁለት ተከፈለ። የላይኛው የደጋ መንገድ ሲሆን፣ አሰበ ተፈሪን፣ ሂርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ላይ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ይለያያል። የታችኛው የባቡር መንገድ ሲሆን፣ ከአዋሽ በአሰቦት፣ በሚኤሶ፣ በአፍደምና በኤረር አድርጎ ድሬዳዋ ይደርሳል። ሰውና እህል በብዛት ያለው በላይኛው ነው፤ ባቡሩ የሚያልፈው በታችኛው ነው። ላይኛውን እንደ አገር፣ ታችኛውን እንደ ባሕር ብንቆጥረው፣ የባቡር ጣቢያዎቹ ወደቦች መሆናቸው ነው።

የእንፋሎት ባቡር እንደ ግመል አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ጣቢያ ሲተከል አስቀድሞ የሚታየው የውሃው ነገር ነው። ውሃ ባለበት ባቡሩ ይቆማል፤ ባቡሩ በቆመበት መንገደኛው ይርበዋል፤ መንገደኛው በተራበበት ሻይ የሚያፈላ፣ ወተትና ፍራፍሬ በመስኮት የሚያቀብል ሰው ይመጣል። ቀጥሎ ባለ ሱቁ፣ ቀጥሎ ባለ መጋዘኑ ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር። ባቡሩ መዘግየቱ መንገደኛውን ቢያስመርረውም፣ የጣቢያዎቹ እንጀራ ይኸው መዘግየት ነበር።

ከእነዚህ ወደቦች መካከል ለጨርጨር ደጋ ዋናው ሚኤሶ ነው። ከሚኤሶ አሰበ ተፈሪ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ዳገቱ ግን ከቆላው አየር አውጥቶ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያደርሳል። ከዚያ አንዱ መንገድ በሂርና ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ በኩኒ በኩል በዴሳንና ገለምሶን ያገናኛል። ስለዚህ አሰበ ተፈሪ የደጋው ምርት የሚሰበሰብባት በር ናት። ስሟ ራሱ «ተፈሪ አሰበ» እንደ ማለት ሲሆን፣ በ1902 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዢ ሆነው የተሾሙትን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ያስታውሳል። ዛሬ ከተማዋ የምትጠራው ጭሮ በሚለው የኦሮምኛ ስሟ ሲሆን፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት።

ይህች ከተማ ባቡር ሳይገባባት የባቡርን ዘመን ካዩት ከተሞች አንዷ ናት። በ1910ዎቹ ጨርጨርን ከገዙት አንዱ፣ በሩስያ ተምረው የመጡትና «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያ ቴአትራችንን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1920ዎቹ ደግሞ በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ተወስደው በህንድ ያደጉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተሾሙባት። በዚያ ዘመን ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ተመርጦ አዲስ የአስተዳደር ሥርዓት ተሞከረበት። ይህ ለምን በጨርጨር ሆነ ብንል፣ መልሱ በከፊል ከሐዲዱ ዘንድ ይገኛል ብለን እናምናለን። ባቡር በቅርብ ያለው ግዛት ደብዳቤውም ሹሙም ሸቀጡም ቶሎ ይደርሰዋልና።

ከሁሉ በላይ ግን ደጋውን ከወደቡ ጋር ያስተሳሰረው ቡና ነው። በዓለም ገበያ «ሐረር» እየተባለ ከሚሸጠው ቡና ብዙው የሚበቅለው በጨርጨር ነው። ይህ ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ወራት ቢቆይ አይጎዳም። በበቅሎና በግመል ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ጣቢያ ላይ ባቡር ጠብቆ፣ ድሬዳዋ ደርሶ ወደ ጅቡቲ መሻገር ይችላል። ጫት ግን እንዲህ አይደለም። ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ በቅጠል ተጠቅልሎ በመኪና ይበራል እንጂ ባቡር አይጠብቅም። ጨርጨር ፊቱን ወደ ጫት ባዞረ ቁጥር ከባቡሩ ይልቅ ለአስፋልቱ ቀረበ። የምርቱ ጠባይ መንገዱን መረጠ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ባቡሩም ተለወጠ። በናፍጣ የሚሠራው ባቡር ሲመጣ በየጣቢያው ውሃ መጠጣት ቀረ። ሐዲዱ አረጀ፤ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አሮጌ ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ ፍጥነቱም ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ለአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ስለሆነ ልንነቅፈው አንነሣም።

ነገር ግን አሮጌው ባቡር ለገሃርና ድሬዳዋ መካከል ከተማው ውስጥ ይገባ ነበር፤ የአዲሱ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ከላይ ስለ መርከብ ያነሣነው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ባቡር በየወደቡ የሚጠጋ ትንሽ መርከብ ነበር፤ አዲሱ ከሩቅ የሚቆም ትልቅ መርከብ ነው። ትልቅ መርከብ በሚመጣበት ወደብ ሁሉ ሰውንና ዕቃን ወደ ከተማው የሚያመላልስ ጀልባ ያስፈልጋል። ለሚኤሶና ለአሰበ ተፈሪ ይህ ጀልባ ምን እንደሚሆን፣ የከተማ አውቶቡስ ይሁን የቡና መጋዘን ወይም የተስተካከለ መንገድ፣ ሊታሰብበት የሚገባ የልማት ጥያቄ ነው። ባቡሩ ሳይቆም የሚያልፈው አገር ከሐዲዱ የሚተርፈው ድምፁ ብቻ ነው።

ለከተሞቹም የሚቀር ትምህርት አለ። አፍደምን የመሰሉ በባቡሩ ብቻ የኖሩ ጣቢያዎች ባቡሩ ሲቆም እጅግ ተጎዱ። አሰበ ተፈሪ ግን ሐዲድ ባይነካትም አደገች። ከበስተ ኋላዋ ቡና አብቃይ አገር፣ በመካከሏ ገበያና ትምህርት ቤት፣ በእግሯም መስቀለኛ መንገድ ስላላት ነው። መንገድ ከተማን ይወልዳል፤ የሚያሳድጋት ግን ከበስተ ኋላዋ ያለው አገር ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ በአውቶቡስ የምትሄዱ ሁሉ፣ ሚኤሶ ስትደርሱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጉና ዳገቱን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። የታሪክና የጂኦግራፊ መጻሕፍታችን የሚነግሩን ስለ ምፅዋና ስለ ዘይላ ወደቦች ነው። የጨርጨርን ወደቦች ግን ገና አልጻፍናቸውም፤ በየጣቢያው ሻይ ያፈሉ፣ ቡና የጫኑ፣ ሐዲድ የጠገኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።